ሦስት ጡጫ ከባሕር በላይ

አጎቴ ጋሽ ይመር በወጣትነታቸው የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበሩ። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ገደማ፣ መርከባቸው ከምጽዋ ወጥታ ቀይ ባሕርን ስትቃኝ፣ ጎሕ ሊቀድ ሲል አንድ ብርሃን ከሰማይ ወርዶ ከውኃው በላይ ቆሞ፣ ከዚያ ተመልሶ ሲወጣ አየሁ ይላሉ። ኮከብ አይደለም፣ አውሮፕላን አይደለም፣ መብረቅም አይደለም። ይህንኑ ለተረኛው መኮንን ቢናገሩ፣ መኮንኑ አብሯቸው ቅኝት ላይ የነበረውን ባሕረኛ ጠራና ጠየቀ። ያኛው "ምንም አላየሁም" አለ። ጋሽ ይመር ከቅኝት ተነስተው ወጥ ቤት ተመደቡ፤ ሽንኩርት ሲልጡ ከረሙ። ወሬው እስከ ደሴ ተከትሏቸው መጥቶ ስማቸው "ባለ መብራቱ" ሆኖ ቀረ።

ስሙንስ ችለውት ኖረዋል። ባለፈው ዓመት ግን ለቅሶ ቤት፣ ድንኳኑ ጢም ብሎ ሰው በተቀመጠበት፣ ጎረቤታችን አቶ በየነ "መብራት ሲጠፋብን ጋሽ ይመርን ወደ ሰማይ መላክ ነው" ብለው ሐዘንተኛውን ሳይቀር አሳቁ። ከዚያን ቀን ወዲህ አጎቴ ሽማግሌዎቹ ፀሐይ ወደሚሞቁበት የድንጋይ አጥር ብቅ ብለው አያውቁም። ብርሃኑንም አያነሱም። ቤት ውስጥ ተቀምጠው ግድግዳ ያያሉ። ከደሴ አውጥቶ አዲስ አበባ ያስገባኝ ይኸው ነው። ያን ሁለተኛውን ባሕረኛ፣ ጋሽ ሰይድን፣ ፈልጌ፣ አይተው እንደሆነ ላስመሰክራቸው ብዬ ተነሳሁ።

እኔንም ራሴን የሚቆጠቁጠኝ ነገር አለ። ፊደል ያስቆጠሩኝ ጋሽ ይመር ናቸው። ትምህርት ቤት የገባሁት ሃያ ሁለት ዓመት ሞልቶኝ፣ በማታው ክፍለ ጊዜ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ድርሰቴን የጻፍኩት ስለዚያ ብርሃን ነበር። መምህሩ በቀይ እስክርቢቶ "ፈጠራሽ ጥሩ ነው" ብለው መለሱልኝ። አንዲት ቃል አልፈጠርኩም ነበር።

ዛሬ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እሠራለሁ። የብዙ አገር ባሕረኞች፣ አውሮፕላን የሚባል ነገር ሳይኖር ጀምሮ፣ በባሕር ላይ የማያውቁትን ብርሃን አይተው በመርከብ መዝገባቸው እንዳሰፈሩ አንብቤአለሁ። የወደድኩላቸው አጻጻፋቸውን ነው። መዝገቡ ነገሩ ምን እንደነበር አይመራመርም። በየት በኩል ታየ፣ ምን ያህል ከፍ ብሎ፣ ለምን ያህል ጊዜ፤ አለቀ። ጋሽ ይመር ከፍታውን የሚናገሩት በጡጫ ነው። ክንድን ቀጥ አድርጎ ዘርግቶ፣ አንዱን ጡጫ ባሕሩና ሰማዩ በሚገናኙበት መስመር ላይ ማሳረፍ፣ በላዩ ሌላውን መደረብ፣ እያፈራረቁ መቁጠር። ባሕረኛ ሁሉ እንዲህ ይለካል አሉኝ።

ከመነሳቴ በፊት የሚያስታውሱትን በወረቀት ጽፈው እንዲስሉልኝ ለመንኳቸውና ፖስታ ውስጥ አሸግሁት። መልሱን አስቀድሞ የሰማ ምስክር ምስክር አይባልም። ለባልንጀራቸው የላኩት መልእክት ግን አጭር ነበር፦ "ሰላም በይልኝ። ሌላ ምንም እንዳትይው።" ኩራት መሰለኝ።

የመጀመሪያው ቀን

አውቶቡሳችን ከደሴ የተነሳው ሳይነጋ ነው። ጉሙ ከተማዬን ስለሸፈናት ዞር ብዬ እንኳ አልተሰናበትኳትም። በቦርሳዬ ውስጥ ፖስታው ነበር፤ ከፖስታው አጠገብ ለአስተናጋጄ የያዝኩት አንድ ጣሳ ቅቤ። ደሴ ላይ ቅቤ ድንጋይ ነው። እኔም ቅቤ የትም ቢሄድ ድንጋይ ሆኖ የሚኖር መስሎኝ ነበር። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሙቀቱ በመስኮቱ ገባ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ጃኬቱን አወለቀ። ደብረ ሲና ላይ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ አፍንጫቸውን ነፋ አድርገው "እናት፣ ቦርሳሽ ወጥ እየሠራ ነው" አሉኝ።

ብከፍተው ፖስታው ቅቤ ጠጥቷል። ቅቤ የጠጣ ወረቀት ደግሞ እንደ መስኮት ያሳያል። የአጎቴ ስዕል፣ ሦስቱ ጡጫዎች ሳይቀሩ፣ ቁልጭ ብሎ በውጭ ይነበባል። ለምስክሩ የደበቅኩት መልስ በአንድ ጣሳ ቅቤ ተገለጠ ብዬ ክው አልኩ። ሴትዮዋ ጉዳዩ አልገባቸውም፤ መደንገጤ ግን ገብቷቸዋል። የገዙትን ቆሎ ነጠላቸው ላይ ዘርግፈው መጠቅለያውን ጋዜጣ ሰጡኝ። ፖስታውን ጠቀለልኩት። በዚህ ሁሉ ግርግር መነጽሬን ወንበሩ ላይ ትቼው መውረዴን ያወቅሁት ማታ ነው።

ያስተናገደችኝ ከድጃ የማታ ትምህርት ቤት ጓደኛዬ ናት፤ አንድ ዴስክ ተጋርተን ነው የተማርነው። አግብታ ቄራ ከገባች ዓመታት አልፈዋል። ሰፈሩ እንደ ስሙ ነው። ከበሯ ጀምሮ እስከ ዋናው መንገድ ሥጋ ተሰቅሏል፣ ቢላ ይሳላል፣ ሚዛን ይንጫጫል። በእሷ ቤት የታረደውን እኔ አልበላም፤ በእኔ ቤት የታረደውን እሷ አትበላም። ወሎ ውስጥ ሁለታችንም ያደግንበት ሥርዓት ስለሆነ ማናችንም አላነሳነውም። እሷ ግን ሥጋ ያልነካው ነው ብላ አዲስ ድስት አሳየችኝ።

"ለእኔ ብለሽ ድስት ገዛሽ?"

"ለአንቺ አይደለም፣ ለሽሮው ነው። በይ ታጠቢ" አለችኝ።

እንዲህ ሆኖ ቄራ እምብርት ላይ አራት ሌሊት አድሬ ሥጋ ሳልቀምስ ተመለስኩ። ሽሮዋ ግን የእኔን ያስንቃል።

ሁለተኛው ቀን

ከድሮ ባሕረኞች አጠያይቄ የያዝኩት አድራሻ "ካዛንቺስ፣ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር" የሚል ነበር። ካዛንቺስ ስደርስ ዳቦ ቤት የለም፣ ጀርባም የለም። በቦታው ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመር፣ የተስተካከለ ሣርና የሚያምር አግዳሚ ወንበር አለ። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ምናልባት የተቀመጥኩት ሰማያዊው በር ላይ ይሆናል። ደሴ ላይ አድራሻ የምንሰጠው በዳገትና በቁልቁለት ነው፤ ዳገት አይፈርስም። እዚህ ሰማዩን የያዘው የግንባታ ክሬን ነው። ማንም እንደማያየኝ አረጋግጬ በጡጫ ለካሁት፤ አምስት ተኩል።

ለካ ታይቻለሁ። አጠገቤ ላፕቶፕ ከፍታ የተቀመጠች ወጣት ጆሮዋ ላይ የሰካችውን ማዳመጫ አወጣችና "እትዬ፣ ደህና ነዎት?" አለችኝ። የምፈልገውን ነገርኳት።

"ሎኬሽን አልላኩልዎትም?"

"ሰማያዊ በር ብለውኛል።"

"ማለቴ፣ እሱ እኮ በቃ የለም። እዚህ የነበሩት ሁሉ ተነስተዋል።" ትንሽ አሰበችና ለእናቷ ደወለች። ስትጨርስ "እድራቸውን ይጠይቁ አለች ማሚ። እድሩ ያውቃል" አለችኝ። ላፕቶፕዋን ዘግታ ሁለት መንገድ አሻግራ አድርሳኝ፣ ስሟን እንኳ ሳትነግረኝ ተመለሰች።

የእድሩ ጸሐፊ ወይዘሮ አስቴር የልብስ ስፌት ሱቅ አላቸው። የሰፈሩ ሰው ወደ አራቱም ማዕዘን ቢበተንም መዝገቡ እሳቸው ዘንድ ነው። ሰው ሲሞት በስልክ ይጠራራሉ፤ አውቶቡስ ተሳፍረው መጥተው ይቀብራሉ። "ቤቱ ፈረሰ እንጂ እድሩ አልፈረሰም" አሉኝ፣ መርፌ በከንፈራቸው እንደያዙ። መዝገቡን ከመክፈታቸው በፊት ግን መረመሩኝ።

"ለጋሽ ሰይድ ምናቸው ነሽ?"

"ምናቸውም አይደለሁም።"

"የሩቅ ዘመድም ቢሆን?"

"የሩቅም አይደለሁም። አይቻቸው አላውቅም።"

መርፌውን ከአፋቸው አወጡ። "ዘመዴ ነው ብትዪ እኮ ይቀልሽ ነበር፤ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለኝ።"

"እውነት አይደለማ።"

ሳቁና የራሳቸውን መነጽር አውልቀው አቀበሉኝ፤ መዝገቡን አብረን አነበብን። ጋሽ ሰይድ ከሴት ልጃቸው ጋር ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ገብተዋል። ወይዘሮ አስቴር ራሳቸው ለልጅየዋ ደወሉላት። "ዘመድ ያልሆነች፣ እውነተኛ ሴት ልልክልሽ ነው" ሲሉ ሰማሁ።

ሦስተኛው ቀን

ሰንጋ ተራ ድሮ ከብት የሚሸጥበት ቦታ ነበር አሉ፤ አሁን ያለው ፎቅ ብቻ ነው። የጋሽ ሰይድ ቤት ሰባተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን፣ ሊፍቱ በዕረፍት ላይ ነበር። የደሴ ልጅ ዳገት አይፈራም ብዬ ጀመርኩት። አራተኛው ላይ ስደርስ የደሴ ዳገት መቀመጫ ድንጋይ እንዳለው ትዝ አለኝ።

ልጃቸው ሉባባ በቅርንፉድ የፈላ ሻይና የምስር ሳምቡሳ አቀረበችልኝ። ጋሽ ሰይድ ረጅም፣ ቀጭን ሰው ናቸው። ወንበራቸው ሳሎኑን ጀርባ ሰጥቶ ወደ በረንዳው ይመለከታል።

"ይመር አለ?" አሉኝ።

"አሉ።"

"ጥርስ አለው?"

"ከፊሉ።"

"እኔ አንድም የለኝም። በዚህ በልጦኛል።" ሻያቸውን ጠጡ። "ምን ብሎ ላከሽ?"

መልእክት እንደተሰጠኝ ማድረስ ልማዴ ነው። "'ሰላም በይልኝ። ሌላ ምንም እንዳትይው' ነው ያሉኝ።"

ብርጭቆውን አስቀመጡ። "ሌላ የለም?"

"የለም።"

"እንግዲያው ሰላም በይልኝ። እኔ ያየሁት ነገር የለም።"

ምን እንዳመጣኝ አልተናገርኩም ነበር። ይህን ያስተዋልኩት በኋላ ነው። ያኔ የታየኝ ግድግዳቸውን የሚያዩት አጎቴ ብቻ ናቸው። ስለ ለቅሶ ቤቱ ነገርኳቸው፣ ስለ አቶ በየነ፣ ስለ ሽንኩርቱ። ሦስት ጊዜ፣ በሦስት መንገድ ጠየቅኋቸው።

"ልጄ፣ የያኔው መኮንንም ሦስት ጊዜ ጠይቆኛል" አሉ። ፊታቸውን ወደ በረንዳው መለሱ።

ተነሳሁ። ሉባባ በሩን ስትከፍትልኝ ከኋላዬ ድምፃቸው መጣ፦ "ለመሆኑ ይመር ስንት ጡጫ ነበር ይላል?"

"አልነግርዎትም" አልኳቸው።

ሉባባ እንዲህ ያለ እንግዳ አይታ አታውቅም መሰለኝ፤ አፏን ይዛ ቀረች። ሰባቱን ፎቅ እየቆጠርኩ ወረድኩ። ለአጎቴ ምን ብዬ እንደምመለስ አላወቅሁም።

አመሻሹ ላይ ከድጃ ቤት ሽሮ እየበላን የሆነውን ሁሉ ቃል በቃል ነገርኳት። መጨረሻ ላይ ስደርስ ጉርሻዬ እጄ ላይ ቀረ።

"ከድጃ፣ ያላየ ሰው ከፍታውን ምን ብሎ ይጠይቃል?"

"አይጠይቅማ።"

"ታዲያ ለምን ይክዱኛል?"

ከድጃ እጇን ታጠበችና አሰበች። "አንቺ ቃል በቃል ነው ያደረስሽው። 'ሌላ ምንም እንዳትይው' ስትያቸው፣ 'አንተም ምንም አትበል' ብለው ሰምተውት ቢሆንስ? ሰውየው ፈቃድ የሚጠብቁ ነው የሚመስሉት።"

"የምን ፈቃድ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፤ ባሕረኛ አይደለሁም። ደውዪና አገናኛቸው በቃ።"

አንድ ዴስክ ላይ ስንቀመጥም ሒሳቡን ቶሎ የምትሠራው እሷ ነበረች።

አራተኛው ቀን

ሊፍቱ ዛሬም አልተመለሰም። ሉባባ በሩን ስትከፍት "አባቴ ሲያጉረመርም ነው ያደረው፤ እንኳን መጣሽ" አለችኝ። ሳልቀመጥ ወደ ደሴ ደወልኩና ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ጋሽ ይመር ጆሯቸው ስለደከመ በስልክ ሲያወሩ ሰባት ፎቅ ታች ይሰማሉ።

"ታደለች ነሽ? ምነው፣ ታመምሽ?"

"ደህና ነኝ። ጋሽ ሰይድ አጠገቤ አሉ።"

ጋሽ ሰይድ ወንበራቸውን አዙረው ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ።

"ይመር።"

"ሰይድ። አለህ?"

"አለሁ።"

"ምነው ድምፅህ እንደ ፍየል ቀጠነ?"

"ጥርስ የለኝም። አንተን ምን ያስጮህሃል? እዚህ ነፋስ የለም።"

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ጋሽ ሰይድ ቀስ ብለው "ይቺ ልጅ መጥታ ጠየቀችኝ። አላየሁም አልኳት" አሉ።

"ደግ አደረግህ።"

"እስከ መቼ ነው ግን፣ ይመር?"

"ጡረታ ወጥተሃል አይደል?" አሉ አጎቴ።

"ድሮ።"

"መኮንኑስ?"

"ከሞተ ቆየ።"

"እንግዲያው ማን ይቀጣሃል። ንገራት።"

ጋሽ ሰይድ የነገሩኝን እንደ መዝገብ አጻጻፍ አሳጥሬ አሰፍረዋለሁ። በዚያ ማለዳ ቅኝት ላይ የነበሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ የመርከቡን ግራ፣ አንዱ ቀኙን ይጠብቃል። ቦታን መልቀቅ ያስቀጣል። የሱብሂ፣ የንጋቱ ሰላት ሰዓት ሲደርስ ግን ይመር "ሂድ ስገድ፤ ሁለቱንም እኔ አያለሁ" ይሏቸው ነበር። ወራት እንዲህ አልፈዋል። በዚያም ቀን ሰይድ በመርከቡ የኋላ ጫፍ ሰግደው፣ ሊጨርሱ ሲሉ ለሰላምታ ፊታቸውን ወደ ቀኝ አዞሩ። ብርሃኑ እዚያ ነበር። ወደ ግራ ማዞር ይቀራቸው ነበር፤ "ያቺን ሰላምታ ማዘግየቴን አላህ ይቅር ይበለኝ" አሉ። ብርሃኑ ሲወጣ ይመር እየሮጡ መጡ። "አየሁ ካልክ 'ከየት ሆነህ?' ይሉሃል። አላየሁም በል፤ እኔ በል እስክልህ ድረስ" አሏቸው። ብዙም ሳይቆይ ወደተለያየ መርከብ ተመደቡ።

"እስክልህ ድረስ አለኝ፤ ጠበቅኩ" አሉ ጋሽ ሰይድ።

"እኔ ደግሞ አንተ 'ልበል ወይ?' ብለህ ትልክብኛለህ ብዬ" አሉ አጎቴ በስልኩ።

እስክርቢቶዬ ቆመ። ሽንኩርቱን፣ "ባለ መብራቱን"፣ ድንኳኑን ሁሉ አጎቴ እያወቁ ነበር የተሸከሙት። ለእኔ እንኳ አልነገሩኝም።

ስሜት ላይ ብቆይ የመጣሁበትን እረሳለሁ ብዬ ጋሽ ሰይድን ወደ በረንዳው ወሰድኳቸው። ባሕር ስለሌለ የፊት ለፊቱን ሕንፃ ጣሪያ መስመር አደረግን። ክንዳቸውን ዘረጉ። አንዱን ጡጫ ጣሪያው ላይ አሳረፉ። አንድ። በላዩ ሁለት። በላዩ ሦስት።

"ሦስት፤ ከሦስተኛው አናት ትንሽ ዝቅ ብሎ" አሉ።

ጋዜጣውን ፈታሁ፣ ቅቤ የሚሸተውን ፖስታ ቀደድኩ። በአጎቴ እጅ "ሦስት ጡጫ፣ ጥቂት ዝቅ ብሎ" ይላል። ሉባባ አነበበችውና እልል ልትል ስትል ጎረቤት እንዳይደነግጥ አፏን ያዘች።

በመልኩ ግን አልተስማሙም።

"ነጭ ነው፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ" አሉ አጎቴ።

"ቢጫ። እንደ እንቁላል አስኳል።"

"ሰይድ፣ አንተ ስትሰግድ ነበር።"

"አንተ ደግሞ ሁለት ወገን ስታይ ነበር።"

ሁለቱንም ጻፍኩ። ጋሽ ሰይድ የቆሙበት ቦታም ይጻፍ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። "ጻፊው። የቦታው ነገር ከሌለበት ምን ምስክር ነው" አሉና ፈረሙበት።

አምስተኛው ቀን

ከድጃ ባዶውን የቅቤ ጣሳ በበርበሬ ሞልታ "ይሄኛው አይቀልጥም" ብላ ሸኘችኝ። በዚያው አውቶቡስ ነበር የምመለሰው፤ ሾፌሩ ገና ሲያየኝ ከፊቱ መሳቢያ መነጽሬን አወጣና "እኔ አድርጌው ሞክሬ ነበር፣ መንገዱ ሁሉ ጎበጠብኝ" አለኝ። ሸዋ ሮቢት ላይ ቦርሳዬን ሁለት ጊዜ ከፍቼ አየሁ፤ ወረቀቱ ደረቅ ነው።

ማታ ለጋሽ ይመር አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ስጨርስ "ቢጫ" አሉ። "ውሸታም።" ሃምሳ ዓመት ሙሉ ይህን ቃል ለሌላ ሰው የማለት ተራ አልደረሳቸውም ነበር፤ ደስ ብሏቸው ሁለት ጊዜ ደገሙት።

በማግስቱ ኮታቸውን ለበሱ፣ ወረቀቱን ኪሳቸው ከተቱና ወደ ድንጋዩ አጥር ወጡ። ዳቦ የምገዛ መስዬ ተከተልኳቸው። ሽማግሌዎቹ ቦታ ለቀቁላቸው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ራሳቸው አነበቡት፤ ቢጫውንም አልዘለሉም።

"እሺ ጋሼ፣ ታዲያ ምን ነበር?" አሉ አቶ በየነ።

"ምን እንደነበር አላውቅም። አውቃለሁም ብዬ አላውቅም" አሉ አጎቴ። "የት እንደነበር ነው የምነግርህ።"

አቶ በየነ ወደ ጦሳ ተራራ ዞረው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ አንዱን ጡጫ በሌላው ላይ ይደርቡ ጀመር። "እንዲህ ነው?"

አጎቴ ተነስተው ክርናቸውን ያዙላቸው።

"ክንድህን እንዳታጥፈው፤ ልኩ ይበላሻል።"